የጠላት ሁለተኛ ዓይን

በስደት ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር በምኖርበት ሕንፃ፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው አንድ ኢራናዊ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። የጥንት የፋርስ ጀግኖችን ታሪክ በእጅ ጽፈው በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ናቸው። ኡስታድ እላቸዋለሁ፤ በቋንቋቸው መምህር ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀለም እፈጭላቸው፣ እሳቸውም ያስተምሩኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ስለሆንኩ እጄን ያምኑታል። ሲበዛ ያምኑታል።

ያን ቅዳሜ ሁለታችንም ጭንቅ ይዞናል። ሰኞ የዓይን ኦፕሬሽን አለባቸው፤ ሐኪሙም ዓይናቸው ለመትረፉ ዋስትና አልሰጣቸውም። ከመጽሐፉ የቀረው አንድ ገጽ ነው። ሁለት ፈረሰኞች ጦር ሰብቀው ተፋጠዋል። ሰማዩ ወርቅ ነው፣ የፈረሶቹ ጅራት እንኳ ተበጥሯል። ፊቶቹ ብቻ ባዶ ናቸው። በእነሱ ሙያ ፊት የሚሣለው መጨረሻ ላይ ነው፤ “ፊት መክፈት” ይሉታል።

“እኔ አንዱን መስመር ሁለት አድርጌ ነው የማየው። አንቺ ክፈቻቸው፣ ልጄ” አሉኝና ከድመት ፀጉር የተሠራውን ቀጭን ብሩሽ ሰጡኝ።

ትንፋሼን ይዤ የጀግናውን ፊት በሰላም ጨረስኩ። ደፈር አልኩና ወደ ጠላቱ ዞርኩ። እጄ እኔን ሳያማክር በጎን ሣለው፣ በአንድ ዓይን።

ኡስታድ ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ።

“ሌላው ዓይኑስ?”

“በእኛ አገር ክፉ ሰው እንዲህ ነው የሚሣለው፣ ኡስታድ። የሚጸልይ ሰው ፊት ለፊት እንዳያየው።”

“ክፉ ነው ማን አለሽ? አገሩን ሊጠብቅ የወጣ ሰው ነው። እኔም ዘምቻለሁ። ከወዲያኛው ምሽግ የነበረው ልጅ እኔን እንዴት አድርጎ ይሥለኝ ነበር?”

ተናደድኩ። እሳቸውን መቆጣት ነውር መሆኑን እያወቅኩ ተናደድኩ። ታላቅ ወንድሜን ከቤት ወስዶ ያልመለሰውን ካድሬ፣ አባቴ ክርስቶስን ከሚቸነክሩት ወታደሮች መሀል ሥሎታል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ምእመኑ ሁሉ ለየው፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። እናቴ እሱን እንዲያ ተሥሎ እያየች ነበር የምትጽናናው። ሌላ ፍርድ አላገኘንም።

ይህንኑ ነገርኳቸው። መነጽሩን አስቀመጡና እጄን ያዙ።

“ለዚያ ሰውዬ ዓይን ስጪው አላልኩሽም” አሉ። “ለዚህኛው ነው።”

ብሩሹን አርጥቤ ቀለሙን ጥቂት በጥቂት ማንሣት ጀመርኩ። ወረቀቱ ከተላጠ ገጹ አበቃለት፤ ሌላ የሚሠሩበት ዓይንም ጊዜም የላቸውም። እሳቸው ወንበሩን ጨብጠው ቆመዋል። ወረቀቱ ቻለልኝ። ጉንጩን ወደ ፊት መለስ አደረግኩት፣ ቅንድቡን ጨመርኩ፣ በመጨረሻ ሁለተኛውን ዓይን አስገባሁ። ሰውዬው ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ መሰለ። ወንድሜ ሲወሰድ እንደዚያ ነበር።

ኡስታድ ማጉያውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

“አየኝ” አሉ።

ኦፕሬሽኑ አልሰመረም፤ ዓይናቸው ጠፋ። እሳቸው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ሥዕል የጠላት ፊት ነው፣ ከነሁለት ዓይኑ።