በመናኸሪያው ግንብ ላይ ያለው ባለ አንድ ዓይን

ባጃጅ ገና ወደ ደብረ ማርቆስ በገባበት ሰሞን ጓደኛዬ በመናኸሪያው ግንብ ላይ የገበያ ቀን ሣለ። አሣሣል የተማረው ቤተ ክርስቲያን ከሚሥሉ አንድ መሪጌታ ነው። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እገጥም ነበርና፣ ከሥዕሉ ሥር ስለ እህልና ስለ ዝናብ አራት ስንኝ በሰማያዊ የዘይት ቀለም ጻፍኩለት።

አህዮቹ እህል ጭነዋል፤ ሴቶቹ ጥላ ይዘዋል። ሰዎቹ በሙሉ እንደ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በትልልቅ ዓይኖች ያዩናል። ግንቡ በሚያልቅበት፣ የመብራት ምሰሶው አጠገብ ግን ቦታ ጠበበውና፣ ባርኔጣ ያደረገውን የመጨረሻውን ሰው በጎን ሣለው። በአንድ ዓይን።

እኔ ምንም አልታየኝም። ያየችው ቆሎ ሻጯ ናት።

«ይሄንን ሰውዬ አወቅሁት» አለች፣ ቆሎ እየሰፈረችልኝ።

«የትኛውን፣ እትዬ?»

«አንተ ደግሞ! ቤተ ክርስቲያን አትገባም እንዴ? አንድ ዓይን ተደርጎ የሚሣለው ማነው? ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ የጌታ ገራፊዎች። ባርኔጣውንስ ማን ነው የሚያደርገው?»

ዞሬ ግንቡን አየሁ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ያለዚያ ዓይነት ባርኔጣ ከቤቱ አይወጣም።

እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው መናኸሪያውን አዳረሰ። ሰው ከግንቡ ሥር ቆሞ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይከድናል፤ ይስቃል፤ ግራ ቀኙን አይቶ ሳቁን ይውጣል።

ለጓደኛዬ ስነግረው ራሱን ያዘ። «ምሰሶው ነው እኮ! ቦታ አጥቼ ነው!»

«ሂድና ንገረዋ።»

«ሌላ ዓይን ልጨምርለት?»

«ከጨመርክማ እሱ መሆኑን አመንክ።»

ወዲያው ወደ ደጀን በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ወጣ። እኔ የምሄድበት ዘመድ የለኝም፤ ቀረሁ። የቀበሌውን ማስታወቂያዎች በእጅ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሊቀ መንበሩ የእጅ ጽሑፌን እንደ ልጁ ፊት ያውቀዋል።

በማግስቱ ጠዋት የኖራ ባልዲ ካንጠለጠሉ ሠራተኞች ጋር መጣ። ሰው ተሰበሰበ። ብቀር መቅረቴ ይታወቃል ብዬ እኔም ሄድኩ፤ ሁለት እጆቼን ኪሴ ከትቼ። በጥፍሮቼ ሥር የገባውን ሰማያዊ ቀለም በሳሙናም በአሸዋም ፈትጌው አልለቀቀም።

አህዮቹ በኖራ ጠፉ። ሴቶቹ ከነጥላቸው ጠፉ። ሊቀ መንበሩ ሥራውን ሲቆጣጠር ለእኛ ጎኑን ሰጥቶ፣ በዚያው ባርኔጣ፣ ልክ ምሰሶው አጠገብ ቆመ። ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ቶሎ ብሎ በሳል ሸፈነው።

ሊቀ መንበሩ ዞረ። ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ፣ አንድ በአንድ አየን። እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ና እስቲ። ይሄን ግጥም ኖራ ሳይነካው አንብብልኝ።»

አነበብኩ። አራቱንም ስንኝ፣ እጆቼን ከኪሴ ሳላወጣ።

«ያምራል» አለ ቀስ ብሎ። «ጽሑፉም ያምራል። የማን ይመስልሃል?»

«እንጃ፣ ጋሼ።»

«እንጃ?» ከሠራተኛው እጅ ብሩሹን ወስዶ ወደ እኔ ዘረጋው። «በል፣ ይሄኛውን አንተው አጥፋው።»

በእኛ አገር ከታላቅ እጅ የሚቀበሉት በሁለት እጅ ነው። እጆቼን ከኪሴ አወጣሁ።