የተኛው ጠሪ

ወገዳ ከተማ የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የገብስ ማከማቻ ነበር። ፖሊሱ ገፍቶ ሲያስገባኝ መጀመሪያ ያወቅሁት ሽታውን ነው፤ ቀጥሎ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። ጎንበስ ብዬ እጅ ብነሳ እጃቸውን አላነሱም።

«አትቀየመኝ ልጄ፤ ሞተውብኛል» አሉኝ።

ቤተ ልሔም ደብር የተማሩ የብራና ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ የኔታ እላቸው ጀመር። ገበሬዎቹ ስለ መሬት ግብር ያቀረቡትን አቤቱታ የጻፉት እሳቸው ነበሩ። ሲይዟቸው ክንዳቸውን ወደ ኋላ ጠፍረው ሙሉ ቀን አቆዩአቸው፤ ገመዱ ሲፈታ እጃቸው አልታዘዝ አለ። እኔ ደግሞ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። መርማሪው «አቤቱታውን ያስጻፈኝ አስተማሪው ነው» የሚል ቃል አዘጋጅቶ የኔታን ፈርሙ ቢላቸው እምቢ አሉ። ጎንደር ደርሶ ሲመለስ አውራ ጣታቸውን ራሱ ይዞ እንደሚያሳትም ዝቶ ሄደ። ያ ቃል ከታተመ ጎንደር ወህኒ መውረዴ ነው።

እውቀቴን ላሳይ ቸኮልኩ። «ከአንጎል እስከ ጣት ነርቭ የሚባል አለ፤ ትእዛዙ በእሱ ላይ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። እንደ ስልክ ሽቦ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያ ሽቦው ተበጥሷላ!» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። እኩላለሁ ብዬ ዓይን አጠፋሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከማዶ ተራራ ድምፅ መጣ፤ ሰው ሞቶ ለቀብር ይጠራል። አንዱ ጮኸ፤ ወዲህኛው ጉብታ ላይ ያለው ተቀብሎ ጮኸ፤ ከሱ ደግሞ ሌላው ተቀበለ። ብድግ አልኩ።

«የኔታ፣ ተሳስቼ ነበር! ሽቦ ሳይሆን ይሄ ነው። ነርቩ ላይ ትንንሽ በሮች አሉ። አንዱ ሲከፈት የጨው ቅንጣት ይገባል፤ ጩኸቱ እሱ ነው። ጎረቤቱን ቀስቅሶ ያስከፍተዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ጣት ይደርሳል።»

«በጨው?»

«በጨው።»

«ጮኾ የጨረሰውስ?»

«ለአፍታ ያርፋል። ጥሪው ወደ ኋላ የማይመለስ ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ገመዱ ያረፈበት ላይ ያለው ጠሪ ተኝቶ ይሆናላ፤ መቼ ሞተ!»

«ሊሆን ይችላል» አልኩ። እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጣታቸውን እያዩ «ተነሥ እንጂ!» ይሉት ነበር። እኔ መዳፋቸውን በገለባ እነካካለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን «ኧረ ጉንዳን!» ብለው ጮኹ። ብናይ ጉንዳን የለም። ደስታዬ አስለቀሰኝ። ውሎ አድሮ ጣታቸው አቧራው ላይ ፊደል መጻፍ ጀመረ፤ የዘበኛ ኮቴ ስንሰማ በእግራችን እናጠፋዋለን።

መርማሪው ቀለሙን ይዞ ክፍላችን ድረስ መጣ። ቀኝ እጃቸውን ብድግ ሲያደርግ የኔታ አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ጨበጡ። ሰውየው ክው አለ።

«እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ጣት አላትምም። ብዕር ስጡኝ» አሉት።

ሊፈርሙለት መስሎት ሰጣቸው። በተንጋደደ ፊደል ከቃሉ ግርጌ ጻፉ፦ «አቤቱታውን በገዛ እጄ የጻፍኩ እኔ ነኝ። ያስጻፈኝ የለም።»

እኔ በሳምንቱ ተፈታሁ፤ እሳቸው ክረምቱን እዚያው ከርመው ለመስቀል ወጡ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነርቭን ሳስተምር ሽቦ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። አሁን አርጅቼ አንዳንድ ጠዋት እጄ ደንዝዞ እነቃለሁ። አልደነግጥም። «ተነሥ እንጂ» እለውና እጠብቀዋለሁ።