ልጄ በኮሶ የሸፈነው ደም

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ሆዴ አይችለውም። ልጄን ባሳከምኩበት ቀን ቆሰበር በሚሲዮኖቹ ሐኪም ቤት የነበርነው እኔ፣ ልጄ ስንሻው፣ ፈረንጁ ሐኪምና የሚያስተረጉምልን ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት ነን። ደጅ የታሰረውን ፈረሳችንንም ቁጠሩት። ጌታም ነበረ፤ ያኔ አላወቅሁትም እንጂ። ስሙ ይባረክ!

ባሌ ደም ሲያስቀምጠው ከርሞ ነው የሞተብኝ። “ኪንታሮት ነው” እየተባለ ሥር ሲቀጠቀጥለት ከስቶ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ልጆቼ ቢያነጥሱ እንኳ እደነግጣለሁ።

ስንሻው ኮሶ መጠጣት አበዛ። መቼም ኮሶ የጠጣን ሰው “ጓሮ ለምን ትመላለሳለህ?” የሚለው የለም። ሰው በሁለት ወር የሚጠጣውን እሱ ወር ሳይሞላ ደገመው።

“አንተ፣ ጥሬ ሥጋ የት አግኝተህ ነው ትሉ የበዛብህ?” ብለው ሳቀ። ከጓሮ ሲመለስ ሄጄ አየሁ። ደም!

“ኮሶው ነው፣ እማ።”

“ኮሶ ባልጠጣህ ቀንስ?”

እንባው መጣ። “የአባዬን አይተሻል። ሁለተኛ እንዳታይ ብዬ ነው።”

ለካ ኮሶውን የሚጠጣው ለትሉ አይደለም፤ ደሙን ከእኔ ለመሸፈን ነው! እንዲህ ያለ ልጅ የሰጠኝ ጌታ ይመስገን!

ጎረቤቶቼ “ሚሲዮኖቹ ሃይማኖትሽን ያስለውጡሻል” አሉኝ። ፈራሁ። ልጄን ማጣት ግን ከዚያ የባሰ አስፈራኝ። ፈረስ ላይ ውጣ ስለው “እማ፣ ያመመኝ የት እንደሆነ ረሳሽው?” አለኝ። እሱ በእግሩ፣ እኔ በፈረስ ሄድን።

ሐኪሙ ብርሃን ባለው ቀጭን ቱቦ አየው። ድሬሰሩ እንዲህ አለኝ፦ “እናቴ፣ ኪንታሮት አይደለም። አንጀቱ ውስጥ እንደ እንጉዳይ አንገት ያለው ሥጋ በቅሏል። አሁን ክፉ አይደለም፤ ሲቆይ ግን ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ይወጣለታል።”

“አባቱንም የገደለው እሱ ነው?”

“ሐኪሙ ያላየውን አይናገርም። ግን በዘር የሚሄድበት ጊዜ አለ። እህት ወንድም ካለው፣ ባያማቸውም ይታዩ ብሏል።”

ሐኪሙ መሣሪያውን ከማንሣቱ በፊት ተንበርክኮ ጸለየ። ገረመኝ፤ አዋቂው እሱ፣ ለማኙም እሱ! እኔም ልለምን ፈለግሁ፤ ግን ሲጨንቀኝ ወደ አፌ የሚመጣልኝ አገውኛ ብቻ ነው።

“እግዜር አገውኛ ይሰማል?” አልኩት ድሬሰሩን።

“ምነው እናቴ፣ ስንሻውን ሲወልዱ በምን ቋንቋ ጮኹ?”

እዚያው ተደፋሁ። “ጌታዬ፣ አባት የለውምና አንተ ያዝልኝ፤ እኔንም ያዘኝ” አልኩ። ስነሣ ፍርሃቴ አለ፤ ብቻዬን መሆኔ ግን ቀረ። ሃሌ ሉያ!

ልጄ ሥጋው ተቆርጦለት ሲወጣ “እማ፣ ከአንቺ በቀር ማንም ያላየውን አዩብኝ” ብሎ አሳቀን። ደሙ ቆመ። ይኸው ከኋላ ተቀምጧል፤ አፍሮ አንገቱን ደፍቷል።

ወገኖቼ፣ ደም ያያችሁ አትሸፍኑ። ለሐኪም አሳዩ፤ ለጌታም ንገሩት። በየትኛውም ቋንቋ ይሰማል፤ የሚታመን ነው።

ሳትታይ የቀረችኝ ታላቋ ልጄ ጥሩዬ ናት። እሷም የዚያው አባት ልጅ ናትና መታየት አለባት። ከባሏ ጋር ለሰሊጥ ሥራ ሑመራ ከወረደች ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም። በዚያ መንገድ የምትመላለሱ፣ ረዘም ያለች፣ አንገቷን የተነቀሰች፣ አገሯ እንደ እኛው ግምጃ ቤት የሆነ ልጅ ያያችሁ እንደሆነ፣ እባካችሁ ያለችበትን ንገሩኝ።