አጎቴ ዳቦ ከመቁረሳቸው በፊት

በአብዮቱ ዘመን፣ በዚያ የወር ማኅበራችን እሑድ፣ ሳቢያን ሰፈር አጎቴ ቤት የነበርነው እትዬ ዘነበች፣ ጋሽ ታፈሰ፣ ሰላም ሊሉን የገቡት ጎረቤታችን አቶ አደምና እኔ ነን። አጎቴ የማኅበሩን ዳቦ ከመቁረሳቸው በፊት እንደ ልማዳቸው፣ «በወሩ የትኛውን በሽተኛ፣ የትኛውን እስረኛ ጠየቃችሁ?» አሉን።

ጋሽ ታፈሰ፣ «አንተም እንደ ቀበሌ ትመረምረናለህ?» ሲሏቸው፣ «ቀበሌ ዳቦ አይቆርስልህም!» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ የአብዮት ጥበቃዎች፣ ያለ ፈቃድ ሰው ይሰበስባሉ ብለው አጎቴን ወሰዷቸው። በታሰሩባቸው አሥራ አንድ ቀናት ምግብ ያደረሱላቸው አቶ አደም ብቻ ናቸው። እኛ ማኅበርተኞቹ ፈራን። አጎቴ ታመው ተፈቱ፤ በሳምንቱ ዐረፉ። አሁን የሚጠይቀን የለም፤ ማኅበሩም ቀርቷል።

ማኅበርተኞች፣ ቀኑን ከተሳሳትኩ አርሙኝ። እስር ቤቱ በር ድረስ ሄዳችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁም ንገሩኝ፤ እሱንም ልጻፈው።