የዘጠኝ ዓመቷ አምበል

ኛሉዋል ጃልን ጋምቤላ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ የከተማው የቅርጫት ኳስ ኮሚቴ የመጀመሪያዋ ሴት ሰብሳቢ ናት። ወንበሩ ታዲያ በአንድ ጀምበር አልተገኘም። መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ኳስ ጠባቂ ነበረች፤ ቀጥላ ነጥብ መዝጋቢ፣ ከዚያ ጸሐፊ ሆነች። ወንዶቹ ስብሰባ ላይ ሲጨቃጨቁ እሷ የሜዳውን ፈቃድ አስፈርማ ትመለሳለች። ሰብሳቢ ሆና የተመረጠች ዕለት፣ ወንበሩን አሥር ዓመት የያዙት ጋሽ ኃይለኢየሱስ፣ «እስቲ እናያለን! ኳስ እንደ መዘምራን በሴት አይመራም» ብለው ብድግ ብለው ወጡ። ተቀየመች ወይ? እንዴት አትቀየም! ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ሁሉ ከአንገት በላይ ነበር።

ዘንድሮ ኛሉዋል የከተማውን አሥራ ሁለት ልጃገረዶች ይዛ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆኑ ሴቶች ውድድር ራቅ ወዳለ ከተማ ሄደች። ኮሚቴው የሴት ቡድን ሲልክ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ሲሄዱ መዝሙሩ አልተቋረጠም፤ እሷም ድምፅዋ እስኪዘጋ አብራ ዘመረች።

እሑድ ጠዋት የውድድሩን መመዝገቢያ ቅጽ የሚያየው ሰውዬ መነጽሩን ዝቅ አደረገ።

«አምበሏ አቻን ኦሞት፣ የተወለደችው 2008? ዘጠኝ ዓመቷ ነው ማለት ነው?»

አቻን በሩን ጎንበስ ብላ ስትገባ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «በሉ የባሮን ዓሣ ለእኛም ላኩልን!» አለ አንዱ።

«ቀልዱ ይቁም» አለ ሰውዬው። «የአሥራ ሁለቱም እንደዚሁ ነው። የሐሰት ዕድሜ ያስመዘገበ ቡድን ይሰረዛል፤ የፈረመው ሰው ይታገዳል።»

ወይ ጉድ! በጋምቤላ ሰው በሁለት ዘመን ነው የሚኖረው። ቢሮው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን፣ ምእመኑ ከድንበር ማዶም ዘመድ አለውና፣ የጥምቀት ካርዱን በፈረንጅ ይሞላል። ስምንት መቀነስ ለኛሉዋል ውሃ መጠጣት ነበር። ቅጹን የሞላች ዕለት ግን ደስታዋ ልክ አጥቶ ከካርዱ ላይ እንዳለ ገለበጠችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይኼ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከጥምቀት ካርዳቸው ላይ የፈረንጁን ዓመት ገልብጬ ነው» አለች። «እኔን አግዱኝ፤ ልጆቹን ግን አጫውቱልኝ።»

«እስከ ስምንት ሰዓት ካርዶቹን አሳዪን።»

ካርዶቹ ደግሞ እንዳይጠፉ ተብሎ ጋምቤላ፣ በእናቶቻቸው ሣጥን ውስጥ ቀርተዋል። ለኮሚቴው አባላት ሁሉ ደወለች፤ አምልኮ ላይ ስለሆኑ ማንም ስልክ አያነሣም። የቀረው አንድ ቁጥር ነው። እንደ መራራ መድኃኒት ዓይኗን ጨፍና ደወለች።

ጋሽ ኃይለኢየሱስ እስከ መጨረሻው አዳመጧትና፣ «እሺ» ብለው ዘጉት። በቃ፣ «እሺ» ብቻ! መርዳታቸው ይሁን መሳለቃቸው በምን ትወቅ? ልጆቹ ማልያቸውን ለብሰው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ሰባት ሰዓት አለፈ።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልኳ ይንጫጫ ጀመር። አንድ ፎቶ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ ሁለት! እያንዳንዱ ካርድ ላይ የፈረንጅ ወር ከነዓመቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውዬው አንድ በአንድ አይቶ ቅጹን አረመ፤ ለእሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣትና፣ «አምበሏ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ይጫወቱ» አለ። ልጆቹ እልል አሉ።

ኛሉዋል ከግድግዳው ጥግ ሄዳ ደወለች። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዴት አድርገው ሰበሰቧቸው?»

«በሰው ሞተር ተፈናጥጬ ነዋ! በየቤተ ክርስቲያኑ እየገባሁ እናቶችን ከአምልኮ አስወጣሁ፤ አንዷን ደግሞ ባሮ ዳር ልብስ ስታጥብ አገኘኋት።»

«ተቆጡዎት?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንዳቸውም ‹ልጄ ምን ሆነች?› አላሉኝም። መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ ‹ኛሉዋል ምን ሆነች?› ብለው ነው። አሥር ዓመት መራሁ፣ ልጄ፤ ስሜን የሚያውቅ አንድ እናት አላገኘሁም።»

እንባዋ ቀደማት።

«በይ ግቢ፣ ሰብሳቢ» አሏት። «ልጆችሽ ይጠብቁሻል።»