የቆጮ ጉድጓድ የመሰለው ኩሬያችን

ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከአልጋ አልነሳም አለ። ታሞ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ወስጄው ደሙም ስኳሩም ደህና ነው ተብለን ተመልሰናል። ሥራው ውሃ ነበር። ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ ቧንቧ ሲያስዘረጋ፣ የተበላሸ ፓምፕ ሲጠግን በቡታጅራ ዙሪያ ያልረገጠው መንደር የለም። ያ ሰው ጠዋት ቁርሱን አልጋው ድረስ ሳቀርብለት ሁለት ጉርሻ ያህል ይቀምስና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አስተምሬ ከሰዓት ስመለስ እንደተውኩት አገኘዋለሁ። መጀመሪያ አዘንኩለት። እየቆየ ግን ተናደድኩበት፤ ተነስ፣ ፊትህን እንኳ ታጠብ፣ ምን እንዲህ ያጋድምሃል እያልኩ እጨቀጭቀው ጀመር። ቁጣዬ ሁሉ ፍርሃት ነበር። እንደተኛ ያመልጠኛል ብዬ እፈራ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጓሮ የቁፋሮ ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ባለቤቴ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ራቅ ብሎ መሬቱን በዶማ ይመታል። ደግሞ ምን ልትቀብር ነው ብዬ ቀለድኩበት። ኩሬ ነው አለኝ። ክረምት ሲገባ የጣራውን ውሃ በአሸንዳ ወደዚህ እመልሰዋለሁ፣ ዓሣ እጨምርበታለሁ፣ ዳር ዳሩን አበባ እንተክላለን አለ። ከስንት ወር በኋላ ይህን ያህል ቃል ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ደስ አለኝ፤ ደግሞም አፈርኩ። እውነቱን ልናገርና ማፈሬ ይበልጥ ነበር። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጎረቤት ጄሪካን ደርድሮ ሲጠብቅ፣ እኛ ውሃ አጠራቅመን ቁጭ ብለን ልናይ? ጥጋብ ነው ይሉናል፣ ለማንም እንዳትናገር አልኩት። እሱ መቆፈሩን ቀጠለ።

ጠያቂ ግን አልጠፋም። ከአጥራችን ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው የመስቃን ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የእንሰት ጓሯቸውን የሚያስተዳድሩት ራሳቸው ናቸው። እኛ ከጎጃም በሥራ ተመድበን ስንመጣ ቆጮ እንዴት እንደሚጋገር ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የተከመረውን አፈር አይተው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉና ጉድጓድ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ጉድጓድ ነው አልኩና ወሬ ቀየርኩ። ፊታቸው በራ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሦስት ሴቶች አስከትለው መጡ። ሁሉም ለጋ የኮባ ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመዋል። እኔ ነገሩ ሳይገባኝ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ቅጠሉን እየደራረቡ ወለሉንና ዙሪያውን ማልበስ ጀመሩ። ያኔ ነው የነቃሁት። በዚህ አገር ጓሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሲቆፈር የሚታሰበው አንድ ነገር ነው፤ የተፋቀ እንሰት በኮባ ተሸፍኖ ቆጮ እስኪሆን የሚቦካበት ጉድጓድ። ይህን ሁሉ ዓመት ከገበያ እየገዛን የኖርን ሰዎች በመጨረሻ የራሳችንን ልናስቀምጥ ነው ብለው ነው ለካ ደስ ያላቸው። እንሰት እንደሌለን ስለሚያውቁም ከጓሯቸው ሁለት የደረሱ እንሰቶች ሊቆርጡልን ወስነዋል። ማክሰኞ ይፋቃል አሉኝ።

ባለቤቴ አካፋውን ተደግፎ ቆሞ ያያል። እንሰት መፋቅና ቆጮ መቅበር በእነሱ ዘንድ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ አጠገቡ አይደርስም። ጎረቤታችን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በትህትና፣ አላህ ይስጥልን፣ ጥሩ አድርገው ቆፍረዋል፣ ከእንግዲህ የቀረው የኛ ነውና እርስዎ ይረፉ አሉት። ባለቤቴ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ እጁን ታጠበ፣ ገብቶ ተኛ። እኔም እውነቱን ሳልናገር ሴቶቹን አመስግኜ ሸኘሁ።

እሁድ አልተነሳም። ሰኞ ጠዋትም አልተነሳም። እውነቱን ልንገራቸው ስለው፣ ሴትዮዋን አታሳፍሪያቸው፣ ተዪው አለኝና ወደ ግድግዳው ዞረ። ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። የሁለቱ እንሰቶች ዙሪያ ተጠርጎ፣ ደረቁ ቅጠል ተለቅሞ ለነገ ተዘጋጅቷል። እንሰት ለመቆረጥ የሚደርሰው ስንት ዓመት ተጠብቆ ነው! ነገ እነሱም በከንቱ ይቆረጣሉ፣ ባለቤቴም ያገኛትን አንዲት ሥራ ተነጥቆ እዚያው ይቀራል። ጥፋቱ ደግሞ የሌላ የማንም አይደለም፤ እኔ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አንድ ቃል ስለዋጥኩ ነው። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሄድኩ።

እደጃፋቸው ላይ ነው የነገርኳቸው።

"ጉድጓዱ የቆጮ አይደለም እማማ። ኩሬ ነው። አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት።"

 ኩሬ ምን ሊያደርግልን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የምናጠጣው ከብት የለን። ለእሱ ነው አልኳቸው። ከአልጋ አልነሳ ማለቱን፣ ዶማውን ያነሳበትን ጠዋት፣ ቅዳሜ ተመልሶ መተኛቱን እያለቀስኩ ዘረዘርኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

"ወላሂ ልጄ፣ ሰውዬውን ከሥራው ላይ ያስነሳሁት እኔ ነኛ" አሉና ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው፣ ቀድመውኝ ወደ ቤታችን ሄዱ።

መኝታ ቤት አልገቡም። ከመስኮቱ ውጭ ቆመው ጉድጓዱ የእሱ መሆኑን፣ ተሳስተው እንደገቡበት፣ ለሴቶቹም አፈሩ ለቆጮ አልሆነም ብለው እንደሚነግሯቸው አስረዱት። የእኔን መዋሸት አላነሱም።  ባለቤቴም ከውስጥ ሆኖ፣ እባክዎ ቅጠሉ እንዳይነሳ አላቸው። የማነጥፈውን ፕላስቲክ ጠጠር እንዳይበሳብኝ ከሥሩ ይሆነኛል አለ። ይበሰብሳል እኮ አሉት። እስኪበሰብስ መሬቱ ይረጋል አላቸው። እሳቸው ደግሞ ስለ ኮባ ለእኔ ሊነግሩኝ ነው እንዴ ብለው ተከራከሩት። እሱም መልስ ለመስጠት ተነስቶ መስኮቱ ጋ መጣ።

ኩሬው እንዲህ በቀላሉ ኩሬ የሆነ አይምሰላችሁ። በመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሞልቶ ስንደሰት በማግስቱ ግማሹ ጠፋ። ውሃውን በባልዲ ቀድቶ አወጣና ቀዳዳውን ፈልጎ፣ ከጎማ ጠጋኝ ማጣበቂያ ለምኖ ለጠፈው። ከዚያ የወባ ትንኝ ልታራባብን ነው ብዬ እኔ ተነሳሁበት። በሁለተኛው ቀን ዝዋይ ሄዶ ትንንሽ ዓሦች በጄሪካን አመጣ፤ አውቶቡስ ውስጥ ጄሪካኑን ሙሉ መንገድ ታቅፎ ነው የመጣው። የትንኙን እጭ ይበሉታል አለኝ፣ በሉትም። ድመት ብትወድቅ መውጫ ይሁናት ብሎ በአንድ በኩል ድንጋይ እንደ ደረጃ ደረደረ። ጠዋት ጠዋት የረገፈውን የአቮካዶ ቅጠልና አረንጓዴውን ዝልግልግ ነገር የሚያወጣው በምን መሰላችሁ፣ በእኔ የዱቄት ወንፊት ነው። በዚህ ተጣልተናል። ወንፊቱን ብደብቀውም ያገኘዋል።

መስከረም ላይ አንድ ከሰዓት ከሥራ ስገባ ጎረቤታችን ኩሬው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓሦቹን ያያሉ። ባለቤቴ ከጎናቸው ቁጢጥ ብሏል። ወንፊቴ እጁ ላይ ነበር፤ ልነጥቀው ከኋላቸው ቀስ ብዬ ስመጣ ሴትዮዋ፣ ሚስትዎ ያን ቀን ለእርስዎ ብላ ምን ያህል እንዳለቀሰች አያውቁም፣ ኩሬው መጽናኛ ሆነልዎት ወይ እያሉ ይጠይቁታል። ባለቤቴ ዓይኑን ከውሃው ላይ ሳያነሳ መለሰላቸው።

"ለእኔ አይደለም እኮ እማማ። ከሥራ በገባች ቁጥር በሩ ላይ ቆማ ደረቴ ከፍ ዝቅ ማለቱን ታያለች። የተኛሁ ይመስላታል። መተንፈሴን ስታረጋግጥ ነው ቁጣዋን የምትጀምረው። ስትገባ ሌላ የምታየው ነገር ይኑራት ብዬ ነው የቆፈርኩት።"

በሩ ላይ መቆሜን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ወንፊቱን ተውኩለትና ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።