ከስኮትዴል ወደ ጠፈር የተላከ ሰላምታ

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አራት ጠፈርተኞችን የያዘች መንኮራኩር ባሕር ላይ አረፈች። አራቱም ደህና ናቸው። ዜናውን በሦስት መስመር ጽፌ ላክሁ። ብዙውን ጊዜ ወዲያው ወደሚቀጥለው እሻገራለሁ፤ ዛሬ ግን ሐሳቤ አትላንታ ጥግ ያለችው ስኮትዴል ሄዶ ቀረ።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ የ2010ዎቹ አጋማሽ ነው። አትላንታ ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን ለሚተላለፍ የአማርኛ ሬዲዮ ዘገባ መሥራት ገና መጀመሬ ነበር። ወሩ ሚያዝያ ስለነበር የጥድ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ አልብሶታል። ከቡፎርድ ሃይዌይ የቬትናሞች ዳቦ ቤት የገዛሁትን ሳንድዊች እየገመጥኩ ነድቼ፣ የስኮትዴል ሐበሻ ሰፈር የሚሰበሰብበት አዳራሽ ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩ። ሚጥሚጣ የማይበልጠው ቃሪያ ነበረበት፤ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። ጣሪያው ላይ በጎ ፈቃደኞች አንቴና ተክለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጠፈር ጣቢያው በአትላንታ ሰማይ ሲያልፍ ለአሥር ደቂቃ ያህል በሬዲዮ ማነጋገር ይቻላል። ከዚያ ከአድማስ በታች ይጠልቃል፤ ድምፁም ይጠፋል። የሰፈሩ ልጆች እዚያ ላይ ያለችን አንዲት ጠፈርተኛ ሊጠይቁ ተሰልፈዋል። ከሰልፉ መጨረሻ ሜሮን ነበረች፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። ሂዩስተን ያለው የጠፈር በረራ መቆጣጠሪያና ማሰልጠኛ ማዕከል ለክረምቱ ሥልጠና ተቀብሏታል። አባቷ ጋሽ ጌታቸው ግን አልፈቅድም ብለዋል። ከኮንየርስ መጋዘኖች ጭነት የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። በሩ ላይ ሲከራከሩ ደረስኩ።

«ዳድ፣ ስንቴ ልንገርህ? ወደ ላይ አልሄድም። ላይክ፣ መሬት ላይ ሆነው ነው የሚሠሩት!»

«መጀመሪያ መሬት ላይ ነው ይሉሻል። ስትለምጂ ይጭኑሻል።»

«ማንም አይጭነኝም!»

«እኔ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በሚያነሳው ፎርክሊፍት ነው የጀመርኩት። አሁን ምን እየነዳሁ ነው?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ጋዜጠኛው፣ እዚያ ከወጣችው ሴት አፍ ካልሰማሁ ልጄ አትሄድም።»

ዝግጅቱን እንዲከፍቱ የተመረጡት የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ በላይነህ ነበሩ። የሬዲዮው ባለሙያ፣ ተናግረው ሲጨርሱ «ኦቨር» እንዲሉ፣ ያኔ ተራው የጠፈርተኛዋ እንደሚሆን ነግሯቸዋል። ከሬዲዮው ጩኸት መሃል የሴት ድምፅ ብቅ ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔም መቅረጫዬን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁ። አቶ በላይነህ ማይኩን ጨብጠው በእንግሊዝኛቸው ጀመሩ።

«እንደምን አደሩ? ኦቨር።»

«ደህና ነኝ፣ እናንተስ? ኦቨር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቤተሰብ ደህና ነው? ኦቨር።»

«ደህና ናቸው፣ አመሰግናለሁ። ኦቨር።»

«ልጆችስ? ኦቨር።»

የልጆቹ አስተማሪ ኮታቸውን ጎተተቻቸው። «ጋሼ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው!»

«ከቤቷ ርቃ ያለች ሰው ናት እኮ! ደህንነቷን ሳልጠይቅ ጥያቄ ላዝንብባት?» አሉ በአማርኛ፤ ማይኩን ግን አልለቀቁም። «እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ኦቨር።»

ጠፈርተኛዋ ከልቧ ሳቀች። ግድግዳ ላይ የታሰረ ከረጢት ውስጥ ገብታ እንደምትተኛ፣ መጀመሪያ አካባቢ ትራስ እንደናፈቃት ዘርዝራ አወራች። ሜሮን ከሰልፉ ጫፍ ሆና ጥፍሯን ትበላለች።

ከዚያ ልጆቹ እየተሯሯጡ ጠየቁ። የሜሮን ተራ ሲደርስ ድምፁ መሳሳት ጀምሯል። ከአስተማሪዋ ጋር ያዘጋጀችው ጥያቄ ጠፈር ላይ ስለሚበቅሉ ተክሎች ሥር ነበር። አባቷን ዞር ብላ አየቻቸው፤ ተክሉንም ተወችው።

«ከመሬት ሆነው የሚረዱሽ ሰዎች ቀኑን እንዴት ነው የሚያሳልፉት? ኦቨር።»

ከረዘመ የሬዲዮ ጩኸት በኋላ መልሱ መጣ። «ወንበር ላይ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው እኔን ይጠብቃሉ። እነሱ ሳይሉኝ አንድም ነገር…»

ጠፋች። ጋሽ ጌታቸው ክንዴን ያዙኝ። «ምን አለች?»

«ወንበር ላይ ነው የሚሠሩት አለች።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ሄዱ። «ወገብሽን ነው የሚጨርሰው። የማውቀው ነገር ነው። ለጀርባሽ የሚሆን ትራስ ይዘሽ ሂጂ።»

ሜሮን የጮኸችው ጩኸት መቅረጫዬ ላይ ተሰነጣጥቆ ነው የተቀዳው። በዚያው ሁኔታ አስተላለፍነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ትልልቅ ነገር ዘግቤአለሁ፤ እንደዚያ ረፋድ ልቤን ያስደለቀው ግን ጥቂት ነው። አቶ በላይነህ ሰላምታቸውን ቢያሳጥሩ ኖሮ ሜሮን ጊዜ ተርፏት ስለ ተክል ሥር ትጠይቅ ነበር እላለሁ። ይህን ማረጋገጥ ስለማልችል እተወዋለሁ። የማውቀው፣ ያን ክረምት ሂዩስተን ሠልጥናለች፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳም እዚያው መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀጥራለች። ዘንድሮ ራሷ ጠፈርተኛ ለመሆን አመልክታለች። ይህን ከማውጣቴ በፊት ደወልኩና ለአባቷ ነግራ እንደሆነ ጠየቅኋት።

ነግራቸዋለች። «ስትለምጂ ይጭኑሻል አላልኩም?» ነው ያሏት።